የመርጫው ልብስ፦ ከመተማ እስከ ገዳሪፍ

ከመተማ ዮሐንስ ድልድዩን ተሻግሮ ገላባት፣ ከዚያም ገዳሪፍ ለሰሊጥና ለማሽላ ሥራ የሚወርደው ሳሉግ፣ ማለትም የወቅት ሠራተኛ፣ ብዙ ነው። አንዳንዱ ያርማል፤ አንዳንዱ መርጫ አዝሎ ፀረ አረም ይረጫል። ዛሬ የምናወራው ስለ ረጪው ልብስ ነው።

ይህ ልብስ ዓለም አቀፍ ደረጃ አለው፤ አይኤስኦ 27065 ይባላል። ልብሱን ሲ1፣ ሲ2፣ ሲ3 ብሎ በሦስት ይከፍለዋል፤ ሲ1 አደጋው አነስተኛ ለሆነ ሥራ፣ ሲ3 አደጋው ለከፋበት። ሰው የሚፈራው መርጨቱን ነው። ይበልጥ የሚያስፈራው ግን መበጥበጡ ነው፤ ያኔ መድኃኒቱ ገና ውሃ አልነካውምና። በዚያች ሰዓት ውሃ የማያስገባ ሽርጥና ረጅም የላስቲክ ጓንት የግድ ነው። የቆዳ ጓንት አይሆንም፤ መድኃኒቱን መጥጦ እጅ ላይ ያቆየዋል። ሱሪውም ከቦቲው ውጭ ይዋል፤ ውስጥ ከገባ የሚንጠባጠበው ሁሉ ወደ እግር ይወርዳል።

«ሙቀቱስ?» ትሉ ይሆናል። እውነት ነው፤ በዚያ ቆላ ላስቲክ ለብሶ መዋል ራሱ ያሳምማል። ደረጃው በሦስት መከፈሉም ለዚሁ ይጠቅማል፤ ለቀላሉ ሥራ ቀለል ያለ ቱታ ይፈቀዳል። ማለዳ፣ ነፋስ ሳይነሳ መርጨትም ይረዳል።

በኢትዮጵያ የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ 1156/2011 አንቀጽ 92 መከላከያ ልብስ ማቅረቡንም አጠቃቀሙን ማሳየቱንም በአሠሪው ላይ ጥሏል። ያ አዋጅ ግን ድልድዩን አብሯችሁ አይሻገርም። ስለ ጓንትና ቱታው ከደላላው ጋር ሳትነሱ ተነጋገሩ፤ የረጫችሁበትንም ልብስ ከሌላው ለይታችሁ እጠቡ።