ስለ ጥቅል ጎመን ችግኝ
(የማኅበራችን ጸሐፊ በጠቅላላ ስብሰባ ላይ ያደረጉት ንግግር)



ዛሬ የምናገረው ስለ ጥቅል ጎመን ነው። ብዙ ሰው በጓሮው ዘርቶ ሳይሆንለት ሲቀር «መሬቱ እንቢ አለ» ይላል። መሬቱ ምን አደረገ? ጎመኑ የሚበላሸው እኮ ገና መደብ ላይ ሳለ ነው።

የሐበሻ ጎመን እንደሆነ ዘሩን ከጓሯችን እንለቅማለን። ጥቅል ጎመን ግን አብቦ ዘር ለመስጠት ረጅም ብርድ ስለሚፈልግ፣ ዘሩን በገንዘብ መግዛት ግድ ነው። በ1 ግራም ውስጥ 300 ያህል ፍሬ አለ፤ በ10 ግራም 3,000 ማለት ነው። 2 ሜትር በ3 ሜትር የሆነ ጓሮ ደግሞ የሚይዘው 30 ጎመን ብቻ ነው። ታዲያ አንድ ቤት ለብቻው 10 ግራም ገዝቶ ምን ያደርገዋል? እንዳይቀርበት ብሎ ሁሉንም ይበትነዋል። ችግኙ ይተፋፈጋል፣ ይቀጥናል፣ ይወድቃል። በጋራ ብናደርገው ግን ግማሹ ቢጠፋ እንኳ 1,500 ችግኝ ለ50 ቤት ይበቃል። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ይባል የለም?

ስለዚህ ኮሚቴው በማኅበሩ ግቢ አንድ የጋራ መደብ እንዲሠራ ሐሳብ ያቀርባል። አሠራሩም እንደሚከተለው ነው።

መደቡ 1 ሜትር ስፋት፣ 7 ሜትር ርዝመት ይኖረዋል። በደንብ የበሰበሰ ፍግ ይቀላቀልበታል። ክረምቱ ሲወጣ፣ በመስከረም አጋማሽ፣ በ15 ሳንቲ ሜትር ልዩነት መስመር አውጥተን ዘሩን 1 ሳንቲ ሜትር ያህል አፈር እናለብሰዋለን። በላዩ ደረቅ ሣር ይጎዘጎዛል። በሳምንት ውስጥ ሲበቅል ሣሩ በማታ ይነሳና ከፍ ያለ ዳስ ይሠራለታል። ቀጥሎ በችግኝና በችግኝ መካከል 3 ሳንቲ ሜትር እንዲቀር ማሳሳት ነው። ሰው የሚሳሳው እዚህ ላይ ነው፤ ካልነቀሉ ግን ጎመን የለም።

ከ4 እስከ 5 ሳምንት ሲሞላው፣ 4 ወይም 5 ቅጠል ሲያወጣ፣ ለማዛወር ደርሷል። ሳምንት ሲቀረው ዳሱ ይነሳል፣ ውሃውም ይቀነሳል፤ ፀሐይ እንዲለምድ ነው። በማዛወሪያው ዋዜማ መደቡ በደንብ ይጠጣ። ተከላው ወደ ማታ ይሁን፤ በመስመር መካከል 50፣ በተክል መካከል 40 ሳንቲ ሜትር ይተው። ልቡ አፈር እንዳይገባበት ተጠንቀቁ። ውሃ ስታጠጡ የቦይ ውሃ አትጠቀሙ፤ የምንበላው ነገር ነው። የቅጠሉን ጀርባ በየጊዜው እያያችሁ ትሉንና እንቁላሉን በእጅ ልቀሙ። ከዚያ በ3 ወር ገደማ፣ ጥር ላይ፣ ጥቅሉ ሲጠነክር ይቆረጣል።

ከእናንተ የሚፈለገው ሦስት ነገር ነው፦ ለዘሩ መዋጮ፣ በተራ ውሃ ማጠጣት፣ ዶሮን መያዝ። በተለይ የዶሮው ነገር ይታሰብበት። የ50 ቤት ጎመን በአንድ ጠዋት ተጭሮ ቢያልቅ፣ የምንጣላው ከዶሮዋ ጋር ሳይሆን እርስ በርሳችን ነው። ጎመን በጤና ይሻላል።

በሐሳቡ የተስማማችሁ ከስብሰባው በኋላ ስማችሁን አስመዝግቡ። ጓሮ የሌላችሁም በጣሳና በጆንያ ለመትከል ተመዝገቡ።