መጽሐፍ ተሸክመው የተጓዙ መነኮሳት፦ ቡድሂዝም በእስያ



ከስሪላንካ እስከ ጃፓን፣ ከታይላንድ እስከ ሞንጎልያ ዛሬ በመቶ ሚሊዮኖች የሚቆጠር ሕዝብ የቡድሃን ትምህርት ይከተላል። ትምህርቱ በተወለደበት በሕንድ ግን ተከታዮቹ ከመቶ አንድ እጅ እንኳ አይሞሉም። በአገሩ መንምኖ በባዕድ ምድር የገነነ እምነት ታሪኩ በነገሥታት ስም ብቻ ተነግሮ አያልቅም። ነገሥታት ረድተውታል፤ ነጋዴዎችም በግመልና በመርከብ አሻግረውታል። እስያን ያወረሱት ግን ተርጓሚዎቹ ናቸው ብዬ አምናለሁ። ንግግሬም ወደ እነርሱ ያዘነብላል። ዓመታቱንና ቀኖቹን የምጠራው እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።

ሲድሃርታ ጋውታማ የተወለደው ዛሬ በኔፓል ውስጥ በምትገኘው በሉምቢኒ፣ ከሻክያ ነገድ መሳፍንት ወገን ነው። ስለ ዘመኑ ሊቃውንት አይስማሙም፤ የቆየው አቆጣጠር ሞቱን ከክርስቶስ ልደት በፊት በ483 ሲያደርገው፣ ከዛሬዎቹ ተመራማሪዎች ብዙዎቹ ወደ 400 ያስጠጉታል። ትውፊቱ እንደሚለው በ29 ዓመቱ ሚስቱንና ገና የተወለደ ልጁን ትቶ መነነ። ስድስት ዓመት ከመምህር ወደ መምህር ተዘዋወረ፤ አጥንቱ እስኪቆጠር ድረስም ጾመ። ሁለቱም የፈለገውን አልሰጡትም። በመጨረሻ ቦድ ጋያ በተባለ ስፍራ ከዛፍ ሥር ተቀምጦ ሲያሰላስል ነገሩ ተገለጠለት። ቡድሃ፣ የነቃው፣ መባሉ ከዚያ ወዲህ ነው። የመጀመሪያ ስብከቱን ቫራናሲ አጠገብ በሳርናት ለአምስት የቀድሞ ባልንጀሮቹ አሰማ፤ ከዚያም 45 ዓመት የጋንጀስን ሜዳ በእግሩ እየዞረ አስተምሮ በ80 ዓመቱ በኩሺናጋር ዐረፈ።

ትምህርቱ እንዲህ ይጀምራል፦ ሕይወት ከሥቃይ አይለይም፤ የሥቃዩ ምንጭ የማይረካ ጥማት ነው፤ ጥማቱ ሲጠፋ ሥቃዩም ይጠፋል፤ ወደዚያ የሚያደርስ ስምንት ዘርፍ ያለው መንገድም አለ። መንገዱ ከቀና አመለካከትና ከታረመ አንደበት ተነስቶ፣ ማንንም በማይጎዳ ሥራ መተዳደርን ጨምሮ፣ እስከ ተመስጦ ይዘልቃል። ይህን ያህሉ ለእኛ ጆሮ እንግዳ አይደለም። ፈጣሪን እያመሰገነ ላደገ አድማጭ የሚከብደው ቀጥሎ ያለው ነው። ቡድሃ ዓለምን ስለፈጠረ አምላክ አልሰበከም፤ በሰው ውስጥ የማትለወጥ ነፍስ አለች የሚለውንም አልተቀበለም።

ነፍስ ከሌለች ታዲያ ከሞት በኋላ ዳግም የሚወለደው ማን ነው? ከክርስቶስ ልደት በፊት በሁለተኛው መቶ ዓመት ሰሜን ምዕራብ ሕንድን የገዛው ግሪካዊው ንጉሥ ሜናንድሮስ ይህንኑ ናጋሴና የተባለ መነኩሴ እንደጠየቀ «የሚሊንዳ ጥያቄዎች» የተባለው መጽሐፍ ይተርካል። መነኩሴው የመለሰለት በመብራት ነው። ከአንዱ መብራት ሌላው ሲለኮስ ከፊተኛው ወደ ኋለኛው ተላልፎ የሄደ ነገር የለም፤ ያለ ፊተኛው ግን ኋለኛው ባልበራ ነበር። የሰው ሥራም፣ ካርማው፣ እንዲሁ ቀጣዩን ሕይወት ይለኩሳል። ጥማቱ ፈጽሞ የጠፋለት ወደ ኒርቫና ይደርሳል፤ ዳግመኛም አይወለድም።

ወደ መነኮሳቱ ማኅበር የሚገባ ሰው ዘሩ መሰናክል አልሆነበትም። የገዳም ሥርዓት ሊቅ ተብሎ የሚከበረው ኡፓሊ ጸጉር አስተካካይ ነበር። ቡድሃ መጀመሪያ ቢያመነታም፣ ሴቶች ባሳደገችው አክስቱ በማሃፓጃፓቲ መሪነት መመንኮስ ጀመሩ። ቃሉን በብራህማኖች የዜማ ስልት እናስቀምጠው ያሉትን ደቀ መዛሙርት ከልክሎ፣ ሁሉም በየራሱ ቋንቋ ይማረው እንዳለም የመነኮሳቱ የሥርዓት መጽሐፍ ይናገራል። ከዚያ በኋላ የመጡት ተርጓሚዎች ፈቃዳቸውን ያገኙት እዚህ ላይ ይመስለኛል።

ከክርስቶስ ልደት በፊት ከ268 እስከ 232 ገደማ አብዛኛውን ሕንድ የገዛው፣ የቡድሃን ትምህርት የተቀበለው ንጉሥ አሾካ ካሊንጋን፣ የዛሬዋን ኦዲሻን፣ በጦር ያዘ። የሆነውን የምናውቀው ከጠላቶቹ አፍ አይደለም፤ ራሱ በዓለት ላይ አስቀርጾታል። 100,000 ሰው መገደሉን፣ 150,000 መጋዙን፣ ከዚያ እጅግ የሚበልጥ ማለቁን ዘርዝሮ ጸጸቱን ይናገራል። በጥንቱ ዓለም ድል ያደረገ ንጉሥ የገደለውን የሚቆጥረው ሊፎክርበት ነበር። አሾካ ግን ካሊንጋን አልመለሰም፤ የሞት ቅጣትንም አልሻረም፤ የጸጸት ቃሉም በካሊንጋ ምድር በተቀረጹት ጽሑፎች ውስጥ አልገባም። የማከብረው ይህን ሁሉ እያወቅሁ ነው። ቃሉን ሕዝቡ በሚሰማው ፕራክሪት፣ በካንዳሃር ደግሞ በግሪክኛና በአረማይክ አስጽፎ ትቶልናልና።

ልጁ ማሂንዳ ወደ ስሪላንካ ተሻግሮ ንጉሥ ዴቫናምፒያ ቲሳን እንዳሳመነ የደሴቲቱ ዜና መዋዕል ይናገራል። ትምህርቱ እስከዚያ ድረስ የሚተላለፈው በቃል ነበር። ከክርስቶስ ልደት በፊት በመጀመሪያው መቶ ዓመት ረኃብና ጦርነት በቃል የያዙትን መነኮሳት ሊጨርሳቸው ሲል በፓሊ ቋንቋ ተጻፈ። በርማ፣ ታይላንድ፣ ካምቦዲያና ላኦስ እስከ ዛሬ የሚጸኑበት የቴራቫዳ ወገን መጽሐፉ ይህ ነው። ወደ ሰሜን የሄደው ማሃያና የተባለው ወገን ደግሞ ቦዲሳትቫን ከፍ አደረገ፤ ሌላው ፍጥረት ሁሉ ሳይድን ብቻዬን አላርፍም ብሎ የተሳለ ቅዱስ ማለት ነው።

ቻይና በቀላሉ አልተቀበለችውም። ልጅ ወልዶ የአባቶችን ስም ማስቀጠል ታላቅ ግዴታ በሆነበት አገር፣ ጸጉሩን ተላጭቶ ሳያገባ የሚኖር ሰው ቤተሰቡን የካደ ይመስል ነበር። ሆኖም በ148 ከፓርትያ የመጣው አን ሺጋዎ በሉዎያንግ ከተማ መተርጎም ጀመረ። ኩማራጂቫ ወደ ቻንግአን የገባው በ401 ነው፤ ከመካከለኛው እስያዋ ከኩቻ በጦር አለቃ ተማርኮ ዓመታት በግዞት ከቆየ በኋላ። ቻይንኛው እጅግ የጠራ ስለሆነ ቤተ መቅደሶች ዛሬም የእርሱን ትርጉም ያነባሉ። ቻይናዊው መነኩሴ ሹዋንዛንግ በ629 ከአገር መውጣት ተከልክሎ ሳለ ሾልኮ በበረሃ ወደ ሕንድ ሄደ፤ በታላቁ የገዳም ትምህርት ቤት በናላንዳ ተምሮ በ645 በ657 መጻሕፍት ተመለሰ፤ በ664 እስኪሞት ድረስም ሲተረጉም ኖረ። ናላንዳ ፈርሳ ስሟ ከተረሳ ከዘመናት በኋላ የ19ኛው መቶ ዓመት የመሬት ቁፋሮ ሊቃውንት ፍርስራሿን የለዩት በእርሱ የጉዞ መጽሐፍ እየተመሩ ነው።

ቅዱስ ቃልን ማባዛት ጽድቅ ነው የሚለው እምነት ኅትመትን ወለደ ለማለት አልደፍርም፤ እንዳሳደገው ግን ጥርጥር የለኝም። ዘመኑ ተጽፎበት የተገኘው የዓለም ጥንታዊ የታተመ መጽሐፍ በዱንኋንግ ዋሻ የተገኘው የ868ቱ «አልማዝ ሱትራ» ነው። ኮሪያ በ13ኛው መቶ ዓመት መላውን የቡድሂዝም ቅዱስ መጽሐፍ በ81,258 የእንጨት ሰሌዳዎች ቀረጸች፤ ሰሌዳዎቹ ዛሬም በሃይንሳ ገዳም አሉ። ከጉተንበርግ መጽሐፍ ቅዱስ ወደ ሰማንያ ዓመት ቀድሞ በ1377 በብረት ፊደል የታተመው «ጂክጂ»ም የቡድሂስት መነኮሳት ሥራ ነው። የቲቤት የጽሑፍ ቋንቋም ያደገው የቡድሂዝምን መጻሕፍት በመተርጎም ሥራ ነው።

መንገዱ ሁሉ ሰላም አልነበረም። በ845 የታንግ ንጉሠ ነገሥት ከ4,600 በላይ ገዳማትን አፈረሰ። በ2001 በአፍጋኒስታን የባሚያን ታላላቅ የቡድሃ ሐውልቶች በፈንጂ ወደሙ። ቡድሂስቶች ራሳቸውም ግፍ ፈጽመዋል፤ በ2017 ከ700,000 በላይ ሙስሊም ሮሂንጋዎች ከበርማ ወደ ባንግላዴሽ ሲሰደዱ፣ ጥላቻውን አስቀድመው ከሰበኩት መካከል መነኮሳት ነበሩ። በሕንድ ደግሞ የዝቅተኞቹ ወገን ጠበቃ ዶክተር አምበድካር በጥቅምት 1956 በናግፑር ከብዙ መቶ ሺህ ተከታዮቹ ጋር ቡድሂስት ሆነ፤ ዘር የማይጠይቀውን ያንን የጥንት ማኅበር ፈልጎ።

የዚህ ጉዞ አንድ ቅርንጫፍ እኛም ዘንድ ደርሷል። በ1553፣ በአፄ ገላውዴዎስ ዘመን፣ ከየመን መጥተው የደብረ ሊባኖስ እጨጌ የሆኑት አባ ዕንባቆም «በራላም ወይዋስፍ»ን ከዐረብኛ ወደ ግዕዝ መለሱ። ታሪኩ በቤተ መንግሥት ተዘግቶ ስላደገ የሕንድ ንጉሥ ልጅ ነው። ልጁ ሕመምንና እርጅናን አይቶ ደነገጠ፤ ከመናኙ በራላም ተምሮ ክርስቲያን ሆነ፤ ዘውዱንም ትቶ መነነ። ሊቃውንት በ19ኛው መቶ ዓመት እንዳረጋገጡት የታሪኩ ግንድ የሲድሃርታ ገድል ነው፤ ይዋስፍ የሚለው ስምም ከቦዲሳትቫ በዐረብኛው ቡዳሳፍ በኩል የመጣ ነው። ከሕንድ በመካከለኛው እስያና በፋርስ በኩል ወደ ዐረብኛ፣ ከዚያ ወደ ጆርጂያኛና ወደ ግሪክኛ ተሻግሯል፤ ክርስትና የተነሳውም በጆርጂያኛው ነው። የሮም ቤተ ክርስቲያንም ኅዳር 27 ቀን በራላምንና ይዋስፍን ቅዱሳን ብላ ትዘክራቸው ነበር።

እንግሊዛዊው ሊቅ ባጅ የግዕዙን ጽሑፍ ከእንግሊዝኛ ትርጉም ጋር በ1923 አሳትሞታል። እዚህ የተቀመጣችሁ የግዕዝና የዐረብኛ ተማሪዎች ሆይ፣ የአባ ዕንባቆምን ትርጉም ከዐረብኛው ጋር መሥመር በመሥመር እንድታስተያዩ፣ ምን እንደጠበቁና ምን እንደለወጡም ጽፋችሁ እንድታሳውቁን እለምናችኋለሁ።