በራስ ላይ ያለ ማስረጃ ስላለመፍረድ

ባለጉዳይ ማመልከቻ ይዞ ሲቀርብ ማስረጃው ሳይታይ ውሳኔ አይሰጥም። «እኔ ለምንም አልረባም» የሚል ሐሳብ በመጣብን ጊዜ ግን መዝገቡን ሳንገልጥ በራሳችን ላይ እንፈርዳለን። አሜሪካዊው ሐኪም ዶክተር አሮን ቤክ እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ ዓመታት በፊላዴልፊያ ከተማ ኀዘን የጸናባቸውን ሕሙማን ሲመረምሩ፣ እንዲህ ያለው ሐሳብ ሳይጠሩት ፈጥኖ የሚመጣ፣ ሳይመረመርም የሚታመን መሆኑን አስተዋሉ። ስለዚህ ሕሙማኑ ሐሳባቸውን በማስረጃ እንዲፈትኑ አስተማሩ። እናንተም ሐሳቡን በወረቀት ጻፉት፤ የሚደግፈውንና የሚቃወመውንም ጐን ለጐን አስፍሩ። አለቃ በአንድ ደብዳቤ ላይ ስሕተት ቢያገኝ፣ የሚታረመው ደብዳቤው ነው እንጂ ጸሐፊው ከንቱ ሰው መሆኑ አይደለም። ስሕተትን ተቀብሎ ማረም ትሕትና ነው፤ ራስን መናቅ ግን ትሕትናን የለበሰ ሐሰተኛ ምስክር ነው። እንግዲህ ለባለጉዳይ የማትነፍጉትን ፍርድ ለራሳችሁም አትንፈጉ።