የትምህርት ቤት ግቢ ዛፎችና ካርታቸው
(በመምህራን ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር)



አንድ ሕፃን ወደ ትምህርት ቤት ሲገባ ከሁሉ አስቀድሞ የሚጠየቀው ስሙን ነው። ስሙ በመዝገብ ከሰፈረ በኋላ ቢቀር ይፈለጋል፤ ቢታመም ይጠየቃል፤ ፈተናውን ቢያልፍ ይመሰገናል። ስሙ ያልተጻፈ ግን ቢቀርም ቀረ የሚለው የለም። በየትምህርት ቤቱ ግቢ የቆሙት ዛፎች ዕድላቸው ስሙ እንዳልተጻፈው ሕፃን ነው። ተማሪው በጥላቸው ሥር አያሌ ዓመት ተቀምጦ ሲወጣ፥ «ዛፍ» ከሚለው በቀር ሌላ ስም ሳያውቅላቸው ይሄዳል። ከዕለታት አንድ ቀን መጋዝ ገብቶ ቢጥላቸው እንኳ ምን እንደ ጠፋ የሚናገር አይገኝም። የዕፀዋት ትምህርት ግን በዚያው ጥላ አጠገብ፥ በተዘጋ ክፍል ውስጥ፥ ከመጽሐፍ ላይ በተገለበጠ የባዕድ አገር አበባ ሥዕል ይሰጣል።

ይህን ጉድለት ለማቃናት በዘመኑ የተገኘ አንድ መሣሪያ አለ፤ ይኸውም በኢንተርኔት የሚከፈት፥ በጣት ሲነኩት መልስ የሚሰጥ ካርታ ነው። የመሣሪያውን ጥቅምና አደጋ ለመመርመር የጎረቤት አገር ከተማ ናይሮቢ መልካም ምሳሌ ትሆናለች። ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በኤውሮጳ አቈጣጠር ናቸው።

ናይሮቢ በ1899 ዓ.ም. ከሞምባሳ የተነሣው የምድር ባቡር ሐዲድ ሲደርስባት የተቈረቈረች ከተማ ናት። ስሟም ከማሳይ ቋንቋ የተወሰደ ሆኖ ቀዝቃዛ ውሃን ያመለክታል። ባቡሩ በእንጨት እየነደደ ይሄድ ስለ ነበር፥ ቶሎ የሚያድግ ዛፍ ማግኘት ግድ ሆነ። ስለዚህ በ1907 ዓ.ም. ከልዩ ልዩ አገር የመጡ ዛፎች የሚሞከሩበት ቦታ ተከለለ፤ እርሱም ዛሬ የናይሮቢ አርቦሬተም የሚባለው ነው። የአዲስ አበባ ማገዶ ባለቀ ጊዜ ባሕር ዛፍ ከሩቅ አገር መምጣቱን ለሚያስብ ሰው፥ የሁለቱ ከተሞች ታሪክ በዚህ ረገድ እጅግ ይቀራረባል። በአርቦሬተሙ 30 ሄክታር ያህል መሬት ላይ ዛሬ ከ300 የሚበልጥ ዓይነት ዛፍ ይገኛል፤ የናይሮቢ ዩኒቨርሲቲ የሥነ ሕይወት ትምህርት የሚሰጥበት የቺሮሞ ግቢም ከዚያ ሩቅ አይደለም።

የዕፀዋትን ስም የማጥራቱ ሥራ ደግሞ ለሌላ ክፍል ተሰጠ። የምሥራቅ አፍሪካ የዕፀዋት ቤተ መዝገብ በ1902 ዓ.ም. በታንዛንያ፥ አማኒ በተባለ ስፍራ ተጀምሮ በ1950 ዓ.ም. ወደ ናይሮቢ ተዛወረ። በዚህ ቤት እያንዳንዱ ተክል ቅጠሉና አበባው ደርቆ በወረቀት ላይ ተለጥፎ፥ ማን እንደ ለቀመው፥ መቼና ከየት እንደ ተገኘ ተጽፎበት ይቀመጣል። ከዚህ ዓይነቱ መዝገብ የተነሣ በ1952 ዓ.ም. መታተም የጀመረው የምሥራቅ አፍሪካ ሐሩራማ አገሮች የዕፀዋት መጽሐፍ በ2012 ዓ.ም. ተፈጽሞ ከ12,000 የሚበልጥ የተክል ዓይነት ዘርዝሯል። በኢትዮጵያም በ1959 ዓ.ም. የተመሠረተው ብሔራዊ የዕፀዋት ቤተ መዝገብ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ይገኛል፤ የኢትዮጵያና የኤርትራ ዕፀዋት መጽሐፍም በ2009 ዓ.ም. ተጠናቋል።

እንግዲህ ሊቃውንቱ መጽሐፉን ጽፈዋል። ነገር ግን መጽሐፍ የተክሉን ባሕርይ ይናገራል እንጂ፥ «ይህ ተክል በናንተ ግቢ ከውሃው ቧንቧ በስተ ቀኝ ቆሟል» ብሎ ለተማሪ አይነግርም። በግንድ ላይ የሚቸነከር ሰሌዳም ፀሓይ ያደበዝዘዋል፤ ዛፉም እየወፈረ ሲሄድ ምስማሩን ይውጠዋል። ካርታ የሚያስፈልገው በዚህ ቦታ ነው።

ይህ ካርታ እንዴት እንደሚሠራ በአጭሩ መግለጥ ይገባል። አንድ ሰው የእጅ ስልኩን ይዞ በዛፉ አጠገብ ሲቆም፥ ስልኩ ከሳተላይቶች የሚመጣውን ምልክት ተቀብሎ ያለበትን ስፍራ ያሰላል። በገላጣ ሜዳ ስሕተቱ 5 ሜትር ያህል ነው፤ በጥቅጥቅ ዛፍ ሥር ግን ይበልጣል። የተገኘው ስፍራ በካርታው ላይ ነጥብ ይሆናል፤ ከነጥቡ ጋራ የዛፉ ስም፥ ፎቶግራፉና የታየበት ቀን ይያያዛል። ከዚያ በኋላ ነጥቡን የነካ ሁሉ የዛፉን መዝገብ ያነባል። ከወረቀት ካርታ የሚለየውም፥ አንባቢው «አገር በቀሎቹን ብቻ አሳየኝ» ወይም «በዚህ ወር ያበቡትን አሳየኝ» ብሎ ሊጠይቀው መቻሉ ነው። በአሜሪካ አገር በ1872 ዓ.ም. የተመሠረተው የሃርቫርድ ዩኒቨርሲቲ የአርኖልድ የዛፍ ግቢ እንዲህ ያለ ካርታ ለሕዝብ ከፍቷል፤ ጐብኚው የቆመበትን ዛፍ ቍጥርና የመጣበትን አገር ጭምር ያገኝበታል።

ይህ ሁሉ የባለጠጎች ሥራ ብቻ ነው የሚል ቢኖር፥ የናይሮቢዋን ኪቤራ ይመልከት። ኪቤራ ብዙ ሕዝብ ተጨናንቆ የሚኖርባት የድኾች መንደር ሆና ሳለች፥ በካርታ ላይ ባዶ ስፍራ መስላ ትታይ ነበር። በ2009 ዓ.ም. የመንደሩ ወጣቶች የስፍራ መለኪያ መሣሪያ ይዘው በየጠባቡ መንገድ እየተዘዋወሩ፥ የውሃ መቅጃውን፥ ትምህርት ቤቱንና የሕክምና ቤቱን መዘገቡ። ሥራቸውንም ኦፕን ስትሪት ማፕ በተባለው፥ በ2004 ዓ.ም. በተጀመረውና ማንም በነፃ ሊጽፍበትና ሊያነብበት በሚችለው ካርታ ላይ አኖሩት። የኪቤራ ወጣት መንደሩን ከመዘገበ፥ የመምህራን ማሠልጠኛ ተማሪ የግቢውን ዛፍ ለመመዝገብ የሚሳነው ምን ምክንያት አለ?

ለኢትዮጵያ መምህር ይበልጥ የሚጠቅም ሌላም ካርታ ከናይሮቢ ወጥቷል። ዋና መሥሪያ ቤቱ በዚያች ከተማ የሆነው ዓለም አቀፍ የጥምር ደንና እርሻ ምርምር ድርጅት፥ ከኮፐንሃገን ዩኒቨርሲቲ ጋራ ሆኖ፥ ኢትዮጵያን ጭምር የሚያካትት የተፈጥሮ ዕፀዋት ካርታ አዘጋጅቷል። ይህ ካርታ የሚያሳየው ዛሬ በቦታው ያለውን ሳይሆን፥ የሰው እጅ ባይነካው ኖሮ በዚያ አየርና አፈር ሊበቅል የሚችለውን ነው። መምህሩ የትምህርት ቤቱን ስፍራ ፈልጎ ሲያገኝ፥ በአካባቢው ምን ዓይነት ደን ሊኖር ይገባ እንደ ነበር ይረዳል። ከዚያም የግቢውን መዝገብ ከዚህ ጋራ ሲያስተያይ፥ የጠፋው ምን እንደ ሆነና ወደ ፊት ምን መተከል እንዳለበት ለተማሮቹ በዓይን ሊያሳያቸው ይችላል።

የስም ነገር ብዙ ትምህርት አለበት። በኬንያ ኪኩዩዎች ሙታራክዋ የሚሉት ዛፍ በአማርኛ ጥድ፥ በኦሮምኛ ጋቲራ ይባላል። ሙሪንጋ የሚሉት ዋንዛ ነው፤ ኦሮሞዎች ዋዴሳ ይሉታል። ሙታማዩ የተባለው ወይራ ነው፤ በኦሮምኛም ኤጀርሳ ነው። ሕዝቡ በድንበር ቢለያይም ዛፉ አንድ ነው፤ ሦስቱን ስሞች የሚያገናኛቸው ድልድይ በላቲን የሚጻፈው የሊቃውንት ስም ነው። ስለዚህ በመዝገቡ ላይ የላቲኑ ስም ብቻ ቢጻፍ የአገሬው ሰው ይገለላል፤ የአካባቢው ስም ብቻ ቢጻፍ ደግሞ ሌላ አገር ያለ ሊቅ አያውቀውም። ሁለቱም አብረው ሊጻፉ ይገባል። የአካባቢውንም ስም ተማሪው ከመጽሐፍ ሳይሆን ከሽማግሌዎችና ከባልቴቶች ጠይቆ ቢያመጣ፥ ትምህርት ቤቱ ከመንደሩ ጋራ ይተዋወቃል።

አሁን በመሣሪያው ላይ የሚነሡትን ተቃውሞዎች ሳይመረምሩ ማለፍ አይገባም።

የመጀመሪያው ተቃውሞ፥ ተማሪው ዛፉን ትቶ ስልኩን ያያል የሚል ነው። ይህ ፍርሃት ከንቱ አይደለም። ኢናቹራሊስት የተባለው፥ በ2008 ዓ.ም. የተጀመረው የተፈጥሮ መዝገብ ፎቶግራፍ ሲቀርብለት የተክሉን ስም በግምት ይናገራል፤ ግምቱ ግን ይስታል። ለምሳሌ ያህል አገር በቀሉን ጥድና ከሜክሲኮና ከመካከለኛው አሜሪካ የመጣውን የፈረንጅ ጥድ እንውሰድ ቢባል፥ በሩቅ የተነሣ ፎቶግራፍ ሁለቱን በቀላሉ ያሳስታል። ፍሬያቸውን በእጁ የያዘ ተማሪ ግን አይሳሳትም፤ የአገሩ ጥድ ፍሬ ትንሽ፥ ለስላሳና ወደ ሰማያዊ የሚያደላ ጥቍር ሲሆን፥ የፈረንጁ ጠንካራና እንደ እንጨት የደረቀ ሆኖ እየተሰነጠቀ የሚከፈት ነው። የአገሩ ጥድ ወንዴውና ሴቴው ብዙ ጊዜ በየዛፉ የተለያየ ስለ ሆነ፥ ፍሬ የሌለው ዛፍ ቢገኝ ሌላ ጥያቄ ይወልዳል። ስለዚህ ሕጉ፥ «አስቀድሞ እጅና ዓይን፤ ቀጥሎ መጽሐፍ፤ በመጨረሻ ስልክ» የሚል ይሁን።

ሁለተኛው ተቃውሞ፥ የተሳሳተ ስም በአገር ሁሉ ይሠራጫል የሚል ነው። ኢናቹራሊስት ለዚህ ያበጀው ሥርዓት፥ ስሙን ከመረመሩት ሰዎች ከሁለት ሦስተኛ የሚበልጡት ሲስማሙበት ብቻ መዝገቡ ለምርምር የበቃ እንዲባል ነው። ነገር ግን ይህ ደረጃ የሚሰጠው በዱር ለበቀለ ተክል እንጂ በሰው እጅ ለተተከለ አይደለም። በትምህርት ቤት ግቢ ያለው ዛፍ አብዛኛው የተተከለ እንደ መሆኑ መጠን፥ መምህሩ የተተከለውን ተተክሏል ብሎ በእውነት ሊመዘግብ፥ ለግቢው ካርታም ኦፕን ስትሪት ማፕን የመሰለ ሌላ ስፍራ ሊመርጥ ይገባዋል። የሚያጠራጥረውም ስም ቅጠሉና አበባው ደርቆ ለዕፀዋት ቤተ መዝገብ ሊቃውንት ቢቀርብ ይሻላል።

ሦስተኛው ተቃውሞ ከሁሉ የከበደ ነው፤ ይኸውም ካርታው ለሌባም መንገድ ያሳያል የሚል ነው። በአማርኛ ጥቍር እንጨት፥ በኪኩዩ ሙይሪ የተባለው ዛፍ ቅርፊቱ ለሽንት መሽናት ሕመም መድኃኒት ይሆናል ተብሎ በዓለም ገበያ ስለሚፈለግ፥ ዙሪያውን እየተላጠ ይሞታል። ከ1995 ዓ.ም. ጀምሮም ንግዱ በዓለም አቀፍ ስምምነት ቍጥጥር ተደርጎበታል። እንዲህ ያለውን ዛፍ በካርታ ላይ በሜትር ለይቶ ማኖር አሳልፎ መስጠት ሊሆን ይችላል። ኢናቹራሊስት በመጥፋት ላይ ያሉትን ዕፀዋት ስፍራ ሆን ብሎ ያደበዝዛል፤ በምድር ወገብ አካባቢ ድብዝዙ ወርዱም ቁመቱም 22 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። መምህሩም እንዲሁ ሁለት መዝገብ ይያዝ፤ አንደኛው ለሕዝብ የተገለጠ፥ ሁለተኛው በርእሰ መምህሩ እጅ የተጠበቀ። ዕውቀትን መግለጥ ብቻ ሳይሆን መጠበቅም የመምህር ሥራ መሆኑን ተማሪው በዚህ ይማራል።

ይሁን እንጂ የሌባ ፍርሃት ሁሉን እንዲሸፍን ማድረግ የባሰ ጥፋት ነው፤ በስውር የሚጠፋው ሕዝብ ያላወቀው ነገር ነውና። በናይሮቢ ሰሜን ያለው፥ 1,000 ሄክታር ያህል ስፋት ያለው የካሩራ ደን በ1998 ዓ.ም. ለግል ቤት ሠሪዎች መሸንሸኑ በተሰማ ጊዜ፥ ቀድሞ የናይሮቢ ዩኒቨርሲቲ መምህር የነበሩት ዋንጋሪ ማታይ ተከታዮቻቸውን ይዘው ችግኝ ሊተክሉ ወጡ። በጥር 1999 ዓ.ም. በደኑ በር ላይ ተደበደቡ፤ ነገሩ ግን በዓለም ተሰማ፤ የዩኒቨርሲቲው ተማሮችም ተነሡ። በዚያው ዓመት ነሐሴ ወር የኬንያ መንግሥት የሕዝብ መሬት ማደሉን አገደ። ዋንጋሪ ማታይ በ2004 ዓ.ም. የኖቤልን የሰላም ሽልማት ተቀበሉ፤ በ2011 ዓ.ም. ዐረፉ። ደኑ ግን ዛሬም ቆሟል፤ የመንገዶቹ መገናኛዎች በቍጥር ተለይተው ስለ ተመለከቱ፥ ስልክ ያልያዘ እንግዳም ያለበትን ያውቃል።

በመጨረሻ፥ ኢንተርኔት ወይም መብራት የሌለው ትምህርት ቤት ምን ያድርግ የሚል ጥያቄ ይቀራል። የካርታ ፍሬ ነገሩ ስልኩ አይደለም። 20 ሜትር ገመድ፥ ባለ ካሬ ወረቀትና እርሳስ ከተገኘ ግቢው በካሬ ይከፈላል፤ እያንዳንዱ ዛፍ ቍጥር ይሰጠዋል፤ የግንዱ ዙሪያ ከመሬት 1.30 ሜትር ከፍ ብሎ ይለካል፤ ዙሪያው ለ3.14 ተካፍሎ ውፍረቱ ይታወቃል፤ የሚያብብበት ወር፥ ስሙን የነገረው ሽማግሌና የተመዘገበበት ቀን ይጻፋል። በዚህም የሥነ ሕይወት፥ የሒሳብ፥ የጂኦግራፊና የቋንቋ መምህራን በአንድ ሥራ ይገናኛሉ። ከከተማ ያለ አንድ ስልክ በተገኘ ጊዜ ያ ወረቀት ወደ ካርታው ይገለበጣል።

አንድ ነገር ግን ሊዘነጋ አይገባም። ካርታ እንደ ተማሪ መዝገብ በየዓመቱ የሚታደስ ነው፤ ዛፍ ይሞታል፥ ችግኝ ያድጋል። ስለዚህ የሚመረቀው ክፍል መዝገቡን ለሚከተለው ክፍል እየቈጠረ ቢያስረክብ፥ የጐደለው ሁሉ «ወዴት ሄደ?» ተብሎ ይጠየቃል። ከማሠልጠኛው የሚወጣው ወጣት መምህርም በሚመደብበት ሩቅ ገጠር የመጀመሪያውን ሳምንት በዚህ ሥራ ቢጀምር፥ የማስተማሪያ ዕቃ የለም ብሎ አያዝንም፤ ዕቃው በግቢው ቆሞ ይጠብቀዋልና።