ገመዱን ማን ያየዋል?



ባለፈው ሳምንት ከመካከላችን አንድ አባት ደብዳቤ ይዘው መጡ። ደብዳቤውን አንብበው የጨረሱት ራሳቸው ናቸው። ልጃቸው ከተማ ገብቶ በሕንፃ ሥራ ተቀጥሯል። በገመድ በሚሳብ ሣጥን ስሚንቶ ይዞ ፎቅ እንደሚወጣ ጽፎላቸዋል። እሳቸውም «ለመሆኑ ገመዱን ማን ያየዋል?» ብለው ጠየቁን። ጥያቄው ትልቅ ነው። ዛሬ የምንነጋገረው በዚሁ ላይ ነው።

ሰውንና ዕቃን ፎቅ የሚያወጣው ሣጥን አሳንሰር ወይም ሊፍት ይባላል። ሥራው ከጉድጓድ ውሃ መቅጃችን ብዙ አይርቅም። እኛ ባልዲውን በእጃችን እንስባለን። አሳንሰሩን ግን ሞተር በብረት ገመድ ይስበዋል። የባልዲ ገመድ ቢበጠስ የሚጠፋው ባልዲ ነው። የአሳንሰር ገመድ ቢበጠስ የሚጠፋው ሰው ነው።

ድሮ ገመዱ ሲበጠስ ሣጥኑ ከነሰዉ ይወድቅ ነበር። ኤሊሻ ኦቲስ የሚባል አሜሪካዊ ለዚህ መላ አገኘ። እ.ኤ.አ. በ1854 ኒውዮርክ ላይ ሕዝብ እያየው ከፍ ብሎ ቆሞ ገመዱን አስቆረጠ። መውጫው ጥቂት ዝቅ ብሎ ቀጥ አለ። ገመዱ ሲላላ ግራና ቀኝ ያለውን ጥርሳም ብረት የሚነክስ ማቆሚያ ሠርቶለት ነበርና።

ታዲያ መሣሪያ ያረጃል እኮ! ፍሬኑ ይበላል፣ ገመዱ ይሳሳል፣ በሩ ይበላሻል። ሣጥኑ ሳይመጣ በሩ ቢከፈት፣ አለ ብሎ የረገጠ ሰው ገደል ይገባል። ስለዚህ ጥሩ መሣሪያ ብቻውን አይበቃም፤ ተቆጣጣሪ ያስፈልገዋል።

እንግሊዝ አገር እ.ኤ.አ. በ1974 የሥራ ደኅንነት ሕግ ወጣ። በ1998 በወጣው ደንብ ደግሞ ሰው የሚጫንበት አሳንሰር አብዛኛውን ጊዜ በየ6 ወሩ በባለሙያ ይመረመራል። ፋብሪካንና የሕንፃ ሥራን የሚቆጣጠረው የመንግሥት መሥሪያ ቤት ነው። ሱቅን፣ ቢሮን፣ ሆቴልን ግን በአብዛኛው ሕዝብ የመረጠው የአካባቢው ምክር ቤት ይቆጣጠራል። የምክር ቤቱ ሰው ገብቶ ያያል። ጉድለት ካገኘ «እስከዚህ ቀን አስተካክል» ብሎ ለባለቤቱ ይጽፋል። ከባድ አደጋ የሚያሰጋ ከሆነ «አቁም» ይላል። እምቢ ያለ ፍርድ ቤት ይቀርባል። ሕግ ጥርስ የሚኖረው ሄዶ የሚያይ ሰው ሲኖረው ነው።

በእኛም አገር ሕግ አለ። በ2011 ዓ.ም. የወጣው የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156 አሠሪው የሥራውን አደጋ ለሠራተኛው እንዲያስረዳ፣ የአደጋ መከላከያ መሣሪያም እንዲሰጥ ያዛል። ሠራተኛውም መሣሪያው ተበላሽቶ ካየ ለአሠሪው ማስታወቅ አለበት። መናገር ጥጋብ አይደለም፤ ግዴታ ነው። የሥራ ሁኔታ ተቆጣጣሪም ወደ ሥራ ቦታው ገብቶ የመመርመር ሥልጣን አለው።

እንግዲህ አባታችን ለልጃቸው መልስ ይጽፋሉ። እኛ ብንጽፍላቸው ይቀል ነበር፤ እሳቸው ግን «እኔው እጽፈዋለሁ» ብለዋል። እነዚህን አራት ጥያቄዎች ይጻፉለት፦

ሣጥኑ የተሠራው ለሰው ነው ወይስ ለዕቃ ብቻ? ለዕቃ ብቻ ከሆነ አትሳፈርበት።

ስንት ኪሎ ይችላል? ተጽፎበት እንደሆነ አንብብ።

ገመዱንና ፍሬኑን በመጨረሻ የመረመረው ማን ነው? መቼ?

በየፎቁ መግቢያው ላይ በር ወይም አጥር አለው?

መልስ ካጣ ከጓደኞቹ ጋር ሆኖ አለቃውን ይጠይቅ። አንድ ሰው ብቻውን ቢናገር ሊባረር ይችላል፤ አሥር ሆነው ሲናገሩ ግን ይደመጣሉ። ሳይቃጠል በቅጠል ይባል የለም?

ከተማ የሄደ ልጅ ወይም ወንድም ያላችሁም ይህንኑ ጽፋችሁ ላኩ። ፊደል የቆጠርነው ለዚህም ነው።