ስለ እግር ቈዳና ስለ ቀይ አፈር
(በሮብ ገበያ ለመምህራንና ለአገር ሽማግሌዎች የተነገረ)



ወደዚህ ስትመጡ የገበያተኛውን እግር ተመልክታችሁ ይኾን? አንዳንዱ ጫማ አድርጎአል፤ አንዳንዱም ጫማውን በእጁ ይዞ በባዶ እግሩ ጭቃውን ይረግጣል፤ እንዳይበላሽበት ስለሚሳሳለት ነው። ለጫማው የሳሳውን ያህል ለቈዳው አልሳሳም። የዛሬው ንግግሬ ስለዚህ ነገር ነው።

ቈዳ ለሥጋ ልብስ ብቻ አይደለም፤ ቅጥርም ነው። የላይኛው ሽፋን በአብዛኛው ሰውነታችን ላይ ከወረቀት የቀጠነ ሲኾን፤ እንደ ድንጋይ ካብ የተደረደሩ ደረቅ ቅርፊቶች አሉበት፤ በመካከላቸውም ስብ እንደ ጭቃ ኾኖ ያያይዛቸዋል። ይህ ቅጥር የውስጡ እርጥበት እንዳይወጣ ይከለክላል፤ የውጭውም ትቢያና ተሐዋስያን እንዳይገቡ ይመልሳል። አሮጌው እየረገፈ አዲሱ ከሥር እየተተካ በአንድ ወር ገደማ ይታደሳል። ስቡ የጠፋ እንደ ኾነ ግን ቅባት እንዳጣ ቁርበት ይሰነጠቃል። በተረከዝና በጣቶች መካከል የምናየው ንቃቃት የቅጥሩ ፍራሽ ነው።

ንቃቃት በሌላ አገር ትንሽ ሕመም ነው። በእኛ ዘንድ ትልቅ የሚያደርገው የምንረግጠው አፈር ነው። ከጥንት እሳተ ገሞራ ድንጋይ የተገኘው፤ ዝናብም የሚበዛበት ቀይ የሸክላ አፈር ለዓይን የማይታይ ደቃቅ ብናኝ አለበት። ብናኙ በባዶው እግር ቈዳ ዘልቆ ይገባል፤ ከደም ሥር ሌላ ንጹሕ ፈሳሽ የሚመላለስበትንም ስስ ቧንቧ ያስቈጣል፤ ይዘጋልም። ፈሳሹ መመለሻ ሲያጣ እግር ያብጣል፤ ቈዳውም ይወፍራል፤ ይጐረብጣልም። ዝሆኔ የምንለው ይህ ነው። በቈላ አገር በትንኝ ከሚተላለፍ ትል የሚመጣ ሌላ ዝሆኔ አለ፤ የደጋው ግን ከትል አይደለም። ይኸንንም በአውሮፓ አቈጣጠር በ1970ዎቹ በአገራችን የሠራው እንግሊዛዊ ሐኪም ኧርነስት ፕራይስ መርምሮ ገለጠ፤ ለሕመሙም እግርና ትቢያ ከሚሉ የግሪክ ቃላት ስም አወጣለት። ዛሬ በኢትዮጵያ የሕሙማኑ ቍጥር 1.5 ሚሊዮን ያህል እንደሚኾን ይገመታል።

እርግማን ነው የሚል አለ፤ የሞተ እባብ ረግጦ ነው የሚልም አለ። በአንዳንድ ቤተ ሰብ ስለሚበዛ ዘሩ የተበላሸ ነው ብለው ጋብቻ የሚከለክሉም አሉ። በርግጥ ለዚህ ብናኝ ፈጥኖ የመቈጣት ጠባይ በትውልድ ይወረሳል፤ በ2012 የታተመ ምርመራ አሳይቶታል። ነገር ግን የተወረሰው ጠባይ ያለ አፈሩ ሕመም አይኾንም። ከሰው ወደ ሰውም ከቶ አይተላለፍም።

ይኸንን ያወቅሁት ዘግይቼ ነው። በቆሎ ተማሪነቴ ዘመን የአንድ ጓደኛችን እግር ማበጥ ጀመረ። በቅኔ ኹላችንንም ይበልጥ ነበር። ይጋባብናል ብለን ከጎጆአችን ለየነው፤ ይውጣ ካሉትም አንዱ እኔ ነበርሁ። ከፋሲካ በኋላ ወደ አገሩ ኼደ፤ ትምህርቱንም አልፈጸመም።

ቅጥሩን መጠገን ይቻላልን? ይቻላል። በ2015 በዚሁ በምሥራቅ ጎጃም፤ በአነደድ ወረዳ፤ 696 ሕሙማን ተመዝግበው ከፊሎቹ እግር የመታጠብን፤ የመቀባትንና የመጫማትን ሥርዓት ወዲያው ጀመሩ፤ ከፊሎቹም አንድ ዓመት ቈዩ። ብርድ ብርድ እያለ በትኩሳት የሚያስተኛው ግርሻ በጀመሩት ላይ በዓመት 19 ጊዜ ገደማ፤ በቈዩት ላይ 24 ጊዜ ገደማ ደረሰ። ልዩነቱ ትንሽ የሚመስለው አርሶ ለማያውቅ ሰው ነው፤ በዘር ወራት አምስት ጊዜ ከአልጋ መዋል ምን እንደ ኾነ እናንተ ታውቃላችሁ።

ሥርዓቱ እንዲህ ነው። እግርን በንጹሕ ውሃና በሳሙና ቀስ ብሎ ማጠብ፤ አጥብቆ መፈተግ ግን ስቡን ይወስዳል። ያበጠ እግር ጥቂት ጠብታ በረኪና በገባበት ውሃ ይዘፈዘፋል፤ መጠኑን የጤና ጣቢያው ሠራተኛ ያሳያል። ከዚያ በጣቶች መካከል ያለውን እርጥበት በጨርቅ ማድረቅ፤ ቫዝሊን መቀባት፤ ካልሲና ጫማ ማድረግ። ውሃ ከሩቅ ምንጭ በሴቶች ጀርባ ስለሚመጣ ይህ ከባድ መስሎ ይታያል። በ2017 የታተመ፤ በሰሜን ኢትዮጵያ የተደረገ ሌላ ምርመራ ግን ከመቶ ኹለት እጅ ግሊሰሪን የተጨመረበት አንድ ሊትር መዘፍዘፊያ ውሃ፤ ቀድሞ ከስድስት ሊትር በላይ ከሚፈጀው ይልቅ ለቈዳው እንደሚበጅ አሳይቶአል። ለእኔ ከነገሩ ኹሉ የሚያስደስተኝ ይህ ነው።

አንድ አባት «በጫማ ወደ ቤተ ክርስቲያን እንግባን?» ብለው ጠይቀውኛል። አይደለም፤ ማውለቁ ሥርዓት ነው። ነገር ግን ጫማ የሚወልቀው ከደጁ ነው እንጂ ከቤት አይደለም፤ መንገዱን በጫማ መኼድ፤ ሲመለሱም እግርን መታጠብ ማንንም አያስነቅፍም። አባቶቻችን የእንግዳን እግር አጥበው ቅቤ ይቀቡት አልነበረምን?

እናንተ መምህራን ግን፤ በክፍላችሁ እግሩን ከወንበር ሥር የሚሸሽግ ልጅ ያያችሁ እንደ ኾነ፤ በጓደኞቹ ፊት አትጠይቁት። ከትምህርት በኋላ ብቻውን ጠርታችሁ ተመልከቱለት። እብጠቱ ማታ ተነሥቶ ሌሊት ካደረ በኋላ የሚጐድል ከኾነ ገና ጅማሬው ነው፤ በመታጠብና በጫማ ሊመለስ ይችላል። ወደ ጤና ጣቢያ ላኩት፤ ሲመለስም በቀድሞ መቀመጫው፤ በቀድሞ ጓደኛው አጠገብ ይቀመጥ።