አዳኝና ተኩላ በአንድ ዱር



ተኩላ የተባለውን አውሬ በተረትም ሆነ በቅዱስ መጽሐፍ ሲነቀፍ ያልሰማ ከመካከላችን አይገኝም። ዛሬ የምነግራችሁ ግን ስለ በግና ስለ እረኛ ሳይሆን፣ አጋዘን ለማደን ወደ ዱር የወጣ ሰው በዚያው ዱር ተኩላ ሲያጋጥመው ስለሚነሣው ክርክር ነው። ነገሩ የሚሆነው በሩቅ አገር፣ በሰሜን አሜሪካ በዊስኮንሲንና በሚኒሶታ ግዛቶች ነው። ቢሆንም አቤቱታ ሰምቶ፣ መዝገብ አገላብጦ ውሳኔ ለሚያቀርብ የመንግሥት ሠራተኛ ሁሉ ሊያስብበት የሚገባ ጉዳይ ስለ ሆነ፣ ጥቂት ጊዜያችሁን እንድትሰጡኝ እለምናለሁ። ዓመተ ምሕረቱን የምጠራው እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ነው።

በዚያ አገር ያለው አጋዘን የእኛው ዓይነት አይደለም፤ የጅራቱ ውስጠኛ ክፍል ነጭ የሆነ፣ ወንዱም በየዓመቱ ቀንዱን እያራገፈ አዲስ የሚያበቅል እንስሳ ነው። በዊስኮንሲን ግዛት በኅዳር ወር ለ9 ቀን በጠመንጃ ማደን ይፈቀዳል። ለዚህም ከግማሽ ሚሊዮን የሚበልጥ ሕዝብ የአደን ፈቃድ ያወጣል። አዳኙ ሌላ አዳኝ በስሕተት እንዳይተኩስበት ከሩቅ የሚታይ ደማቅ ልብስ ለብሶ፣ ጎሕ ሳይቀድ ከዛፍ ላይ ከተሠራ ማማ ወጥቶ በብርድ ይቀመጣል። ልማዱ ከአባት ወደ ልጅ የሚተላለፍ ነው፤ ሥጋውም የቤተ ሰቡ የክረምት ስንቅ ነው።

ተኩላ በዚህ አገር ጥንት የነበረ አውሬ ነው። ዳሩ ግን መንግሥት ተኩላ ለገደለ ሰው ገንዘብ ይከፍል ስለ ነበር፣ እስከ 1960 ድረስ ከዊስኮንሲን ጠፍቶ፣ በሰሜን ሚኒሶታ ጥቅጥቅ ባለው ደን ብቻ ተረፈ። በ1973 የመጥፋት አደጋ የሚያሰጋቸውን እንስሳት የሚጠብቅ ሕግ ወጣ፤ በሚከተለውም ዓመት ተኩላ በዚህ ሕግ ተጠለለ። ከዚያ በኋላ ማንም በመኪና ጭኖ ሳያመጣው፣ በገዛ እግሩ ከሚኒሶታ ተነሥቶ ወደ ዊስኮንሲን ተመለሰ። ዛሬ በሚኒሶታ ከ2,000 በላይ፣ በዊስኮንሲንም ወደ 1,000 የሚጠጉ ተኩላዎች እንዳሉ ይገመታል። አያቱ ባደነበት ጫካ ተኩላ አይቶ የማያውቅ ሰው፣ እነሆ ከማማው ሥር የተኩላ ኮቴ በበረዶ ላይ ታትሞ ያገኛል።

ታዲያ ሁለቱ ሲገናኙ ምን ይሆናል? አብዛኛውን ጊዜ ተኩላው የሰው ሽታ እንደ ደረሰው ዞሮ ይሄዳል። ባለሙያዎች የሚመክሩትም ሳይሮጡ ፊትን ወደ አውሬው መልሶ መቆም፣ ድምፅን ከፍ አድርጎ መጮኽ፣ ቀስ እያሉም ማፈግፈግ ነው። በዚህ በሃያ አንደኛው ምዕተ ዓመት በመላው ሰሜን አሜሪካ የዱር ተኩላ ገደላቸው ተብለው በሰፊው የሚጠቀሱት ሰዎች ሁለት ናቸው፤ አንዱ በ2005 በካናዳ፣ ሁለተኛዋ በ2010 በአላስካ። ስለዚህ የክርክሩ ሥር ፍርሃት ብቻ አይደለም፤ ይልቁንም «አጋዘኑ የማን ነው?» የሚለው ጥያቄ ነው።

የአዳኙን አቤቱታ በቅን ልቡና እንስማው። «ሌሊት ተነሥቼ ቀኑን ሙሉ ብቀመጥም አንድ አጋዘን አላየሁም፤ ያየሁት የተኩላ ዱካ ነው» ይላል። ድብ የሚያሳድዱ አዳኞችም ያሳደጓቸው ውሾች በተኩላ ይበሉባቸዋል፤ ለዚህ የዊስኮንሲን መንግሥት ለአንድ ውሻ እስከ 2,500 ዶላር ካሣ ይከፍላል። በተጨማሪም አዳኙ ለፈቃድ የሚከፍለው ገንዘብ፣ በ1937 በወጣው ሕግ መሠረት በጠመንጃና በጥይት ላይ ከሚሰበሰበው ቀረጥ ጋር ሆኖ፣ የዱር አራዊት ጥበቃው ዋና ገቢ ነው። እንግዲህ ይህ ሰው ተለማማጭ ሳይሆን ከፋይ ነው፤ ቃሉም ሊደመጥ ይገባዋል።

ነገር ግን ማድመጥ አንድ ነገር ነው፤ መመርመር ሌላ ነው። በእነዚህ ግዛቶች አንድ ተኩላ በዓመት ከ15 እስከ 20 አጋዘን እንደሚበላ ይገመታል። በዊስኮንሲን ያሉት 1,000 ተኩላዎች እንግዲህ ቢበዛ 20,000 ያህል ይበላሉ ማለት ነው። አዳኞቹ ግን በቅርብ ዓመታት በየዓመቱ 300,000 ገደማ ይገድላሉ። በ1996ና በ1997 የአጋዘኑ ቁጥር እጅግ ሲያንስ፣ ዋናው ምክንያት ጽኑ ብርድና ጥልቅ በረዶ ነበር፤ ተኩላው ያን ጊዜ ገና ጥቂት ነበረና። ደግሞም በ2021 የታተመ ጥናት እንደሚያስረዳው፣ ተኩላ በገባባቸው የዊስኮንሲን አውራጃዎች አጋዘን ከመኪና ጋር የሚጋጭበት አደጋ በአማካይ በ24 ከመቶ ቀንሷል።

በዚህ ምክንያት አዳኙ ዋሸ አንልም። በአንድ ሸለቆ የተኩላ መንጋ ቢሰፍርና ክረምቱም ቢከፋ፣ በዚያ ሸለቆ ያለው ማማ በእርግጥ ባዶ ይሆናል፤ አጋዘኑም ተጠንቅቆ ሌላ መንገድ ይይዛል። ነገር ግን አንድ ሸለቆ አንድ ግዛት አይደለም። ሰው ከማማው የሚያየው እውነት ቢሆንም፣ ከማማው የማይታየውም ያው እውነት ነው። ሁለቱን አስተያይቶ ማቅረብ የጽሕፈት ቤት ሥራ ነው።

ይህ ሥራ ሲዘለል የሚመጣውን በ2021 የሆነው ያሳያል። በዚያ ዓመት በጥር ወር የፌዴራል መንግሥት ጥበቃውን አነሣ። የግዛቱ የተፈጥሮ ሀብት መሥሪያ ቤት አደኑን ለኅዳር ሊያዘጋጅ አስቦ ሳለ፣ አንድ የአዳኞች ማኅበር ከሰሰ፤ ፍርድ ቤትም አደኑ በየካቲት እንዲከፈት አዘዘ። ዝግጅቱ ሁለት ሳምንት ሳይሞላው አደኑ ተከፈተ። የተወሰነው ቁጥር 200 ሲሆን፣ 81ዱ ኦጂብዌ ለተባሉት ነባር ሕዝቦች፣ 119ኙ ለሌሎቹ አዳኞች የተመደበ ነበር። ኦጂብዌዎች ተኩላን እንደ ወንድም ስለሚቆጥሩት አንድም አልገደሉም። የቀሩት ግን ሦስት ቀን ሳይሞላ 218 ገደሉ። አደኑን ለመዝጋት የ24 ሰዓት ማስታወቂያ ያስፈልግ ነበርና፣ ቁጥሩ ማለፉ እየታወቀ ተኩሱ ቀጠለ። በ2022 በየካቲት አንድ የፌዴራል ዳኛ ጥበቃውን መለሱ።

ማን ተጠቀመ? ተኩላው ተጎዳ፤ የኦጂብዌዎች ድርሻ ተደፈረ፤ የግዛቱ መሥሪያ ቤት ታመነ የማይባል ሆነ፤ አዳኙም ቢሆን «እነዚህ ሰዎች በተወሰነ ቁጥር አይቆሙም» የሚል ክስ አተረፈ። ለዓመታት ተንቆ የቆየ አቤቱታ በመጨረሻ በጥድፊያ ቢመለስ፣ ያው ሌላ አቤቱታ መውለዱ አይቀርም።

ይህ ለእኛም እንግዳ ነገር አይደለም። በባሌ ተራሮች ከደጋ አጋዘን ጋር በአንድ ሜዳ የሚኖረው ቀይ ቀበሮ የዚሁ የተኩላ ዘመድ ነው፤ በዓለም ላይ ከእኛ አገር በቀር አይገኝም፤ ለአካለ መጠን የደረሱትም ቢቆጠሩ 500 አይሞሉም። ምግቡ በአብዛኛው አይጥና ፍልፈል ነው። ብርቱ ጠላቱም ከውሾች የሚተላለፍበት የእብድ ውሻ በሽታ ነው። ዘመዱ በሩቅ አገር በስሙ ብቻ እንደ ተፈረደበት፣ በእርሱም ላይ በወሬ እንዳይፈረድበት መጠንቀቅ ይገባናል።

እንግዲህ ባለ ጉዳይ ከጠረጴዛችሁ ፊት ቆሞ ያየውን ሲነግራችሁ፣ ቃሉን አክብራችሁ መዝግቡ፤ ቶሎም መልስ ስጡት። ከመወሰናችሁ በፊት ግን ያላየውን ፈልጉ፤ ዱሩን ሁሉ የሚያይ ማማ የለምና።